አጠፋሁ

በፑንታ አሬናስ ነፋስ ሥራ አይፈታም፤
ቆርቆሮ ሲደልቅ ያድራል፣ አይረታም።
እኔም አልተኛሁም፤ ያቺ ትንሽ መብራት
ከመሪው ጀርባ ሆና ሳያስነሣት ጥራት፣
ብርቱካን መስላ፣ የሞተር ቅርጽ ወርሳ፣
ሦስት ቀን አየችኝ፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

የጎረቤቴ ልጅ፣ ያ ኤልዮዶሮ፣
ኮድ ማንበቢያ አመጣ በፌስታል ቋጥሮ።
ከመሪው በታች፣ ጉልበት ከሚነካው፣
ሶኬት አለች፤ ሰካው።
ሞተር ሳይነሣ ቁልፉን ግማሽ አዙሮ፣
ጠበቅን። መሣሪያው አስቦ፣ ቆጥሮ
ጻፈልን፦ ፒ፣ ዜሮ፣ አራት፣ ሁለት፣ ዜሮ።

«የጭስ ማጣሪያው ነው» አለኝ ዝቅ ብሎ፣
«እንደ ማር እንጀራ ነው፤ ውስጡ ተቃጥሎ።
ወይም ደግሞ ሴንሰሩ፣ ምናልባትም ሽቦ፤
ፈትሽ» ብሎኝ ሄደ፣ ዕቃውን ሰብስቦ።

ፈተሽኩ። መኪናው ሥር በጀርባዬ ገባሁ፣
ሽቦውን ዳሰስኩ፣ ብሎን ሁሉ ነካሁ፣
ሳሙና በጥብጬ ቱቦው ላይ ቀባሁ፤
አረፋ አልወጣም።
ሴንሰሩም አልታመመም።
ቀረ ማጣሪያው። እሱ ሲመጣ ከሳንቲያጎ
የሁለት ወር ጡረታ ይወስዳል ጠራርጎ።
ቅዳሜ ደግሞ ገዢ ቀጥሬያለሁ፤
እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ሰው ነበርሁ።

አሥር ቁጥር መፍቻ ከሣጥኔ አወጣሁ፣
የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትቼ አነሣሁ፣
ሩብ ሰዓት ያህል ነፋስ እየሰማሁ
ኮምፒውተሩ ሁሉን እስኪረሳ ጠበቅሁ።
መልሼ አሰርሁት፤ አስነሣሁ፤ አየሁ።
ቦታዋ ጨልሟል። መብራቱን አጠፋሁ።

ኔልዳ ኦያርሱን መጣች፣ ካፖርቷ ተነፍቶ፣
ጥፍሯ ሥር ጥቁር ግሪስ ገብቶ።
ወደ ፖርቬኒር የሚሻገረው ጀልባ
ሞተር ክፍል ነው ውላ የምትገባ
(ይህን ኋላ ነው ያወቅሁት)።
ጎማ አልረገጠችም። ኮፈን አላነሣችም።
ቁልፉን አዞረችና
መብራት ሳትፈልግ ሰዓቱን አየች፦
ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ብልጭ ድርግም ይላል፤
ሬዲዮው ጣቢያውን ረስቶ ሽሽሽ ይላል።
«ዶን ኤራስሞ» አለች፣ ሳይለወጥ ፊቷ፣
«ባትሪውን መቼ ፈቱት?»

ሦስት ውሸት ምላሴ ላይ ተሰለፈ፤
አንዱም አላለፈ።
የወጣው አንድ ቃል ነው፣ ለሁለት የሚበቃ፣
ለመብራቷም፣ ለእኔም፦
«አጠፋሁ።»

ዝም አለች። ነፋሱ ብቻውን አወራ።
«እንግዲያው እንንዳ፣ ተመልሳ እስክትበራ።»

ሰርጡን በቀኝ ይዘን፣ ወደ ሰሜን ነዳን፤
አሸዋ ላይ ዝጎ የቀረ መርከብ አለፍን፣
በጎች፣ አጥር፣ በጎች።
ሃያ ኪሎ ሜትር፤ ምንም።
አርባ፤ ምንም።
ሁለት ሰው ተቀምጦ ክፉ ዜና ሲናፍቅ
እኔ አይቼ አላውቅም።
ቆመን አጠፋን፣ አቀዘቀዝን፣ አስነሣን፤
ያ ኮምፒውተር ጥርጣሬውን
ሁለቴ ካላየ አይናገርም አለችን፤
ለእኔና ለመሪው ማለቴ ነው።

በመንገድ ላይ ስለ አንድ ካፒቴን ነገረችኝ፤
የማንቂያ አምፖሉን በፕላስተር ሸፍኖ
«አሁን ሰላም ነው» ያለ።
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ ሁለት ሌሊት መልሕቅ ጥለን አደርን፣
ከአንድ መቶ በግ ጋር።»

ሰማንያ ሁለት ላይ፣ ከመታጠፊያው ስንወጣ፣
ብርቱካኗ መጣች፣ ድምፅ ሳታወጣ።
ኔልዳ ሣቀች። መሪውን መታ መታ አድርጋ፣
«እንኳን ደኅና መጣሽ» አለቻት፣ አንገቷን ዘርግታ።

መንገድ ዳር ቆመን ዋጋ ተከራከርን።
የማጣሪያውን ቀነስሁ።
«የዛሬው ነዳጅስ?» አለች።
ያንንም ቀነስሁ።

ስንመለስ እሷ ነዳች፤
እኔ ሰዓቱን ሞላሁ።