አሥር እርምጃ መሬት

ካርታው የመጣ ቀን፣ በረጅሙ ቤታችን፣
አሥራ ስምንት በር፣ አንድ ብቻ ጣሪያችን፣
ጫማውን ሳያወልቅ ሰው፣ ምንጣፉን ረግጦ
ካፑዋስን አሳየን፣ በእርሳስ ከሁለት ቆርጦ።
«ከዚህ እስከዚህ» አለና በቀይ አሰመረ፤
አያቴ የተቀበረበት ከመስመሩ ሥር ቀረ።
«ዘንባባ ነው» አለን። ሲጠሩት፣ ደስ ሲል ስሙ!
ለንጉሥ የሚነጠፍ ይመስል፣ ለሰላሙ።
አውራ ጣታችንን ነከርን፤ ቀለሙ ሳይደርቅ
ከኮረብታው ማዶ ሰማን ግንድ ሲወድቅ።

አልዋሽም፣ ገንዘብ መጣ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ለበሰ፣
የታናሽ እህቴ እግር ከተማ ትምህርት ቤት ደረሰ።
ሞተር ብስክሌት ገዛሁ። በዱቤ ነው፤ ቢሆንም
እስከ ወንዝ ዳር ስበር ዕዳዬ አይታየኝም።
እሾኻሙን ዘለላ በረጅም ማጭድ ቆርጬ
ሳይበሰብስ ለሚዛን አደርሳለሁ ሮጬ።
ሚዛኑም አፍ አለው፤ ከመቶ ስምንት ይበላል፣
«ለውሃው ነው» ይላል ጸሐፊው። የወንዙንስ ማን ይከፍላል?
ዘይቱ ባሕር ይሻገራል፤ ስሙን በማላውቀው ከተማ
ከሰው መጥበሻ ሲንቸሰቸስ፣ ዝናብ ይመስላል ሲሰማ።
ሩዝ ከሱቅ እንሸምታለን፤ መርከብ የተሳለበት፣
ነጭ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ብቻ ጠረን የሌለበት።

እናቴ ሰላካ ግን አንድ ጣሳ አለቻት፣
የዘይት ነበረች፤ አጥባ ዘር የሞላቻት።
የቤታችን የበኩር ሩዝ፤ እህል ብቻ አይደለም፣
አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ለባዕድ አይሰጥም ዘላለም።
ከአያት ወደ ልጅ ያልፋል፣ ልጅ ሲወጣ ይካፈላል፣
ሁለት ዝናብ ያልተዘራ እንደሆነ ይሞታል።
«ዘሩ ከሞተ» አለችኝ፣ «ዘራችን ምን ይባላል?»

«አሥር እርምጃ መሬት» ብላ ከቢሮው ደጅ ጠንታ፣
«ካርታው ክፍተት የለውም» ሲሏት፣ ወጣች እጅ ነስታ።
አንድ የጨረቃ ሌሊት ዘንጓን ይዛ ወረደች፤
በሁለት ዘንባባ መሃል ወጋች፣ ዘራች፣ ሄደች።

ሥራዬ ማክሰኞ ማክሰኞ መርዝ መርጨት ነው፤ በጀርባዬ
አሥራ አምስት ሊትር አዝዬ፣ ጨርቅ አስሬ በአፍንጫዬ።
አረም ማለት በኃላፊው ቋንቋ ቀላል ነገር ሆነ፤
አረንጓዴ ሁሉ፣ ዘንባባ ካልሆነ።
በመስመር አርባ ሁለት፣ ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ
ቅጠል አየሁ፣ ቀጭን፣ ጤዛ በጫፉ አዝሎ።
ጫማዬን የማስር መስዬ፣ ጎንበስ ብዬ ቱቦዬን ዘጋሁ፤
አንዷን ቡቃያ እንዳልረግጥ ወደ ግንዱ ተጠጋሁ።
አሥር እርምጃ ቆጠርኩ።
የሚቀጥለው መስመር የኡንጋንግ ነው፤ እሱም ይረጫል፤
እኔ ቱቦዬን ዘጋሁ እንጂ ነፋሱን ማን ይዘጋል?

ማታ እናቴ መዳፌን አሸተተችና ዝም አለች፤
ባዶ ጣሳዋን አንስታ፣ እንደገና አጠበች።