ዘጠነኛው ደንብ

ከጓሳ የተነሣ ንፋስ መሐል ሜዳ ሲደርስ፣
መጀመሪያ እኛን ነው የሚያገኘን፣ የግድግዳችንን ልስን ሲያፈርስ።
በዚያ ልስን ላይ ነው፣ በሰማያዊ ቀለም፣
ዘጠኝ ደንብ የተጻፈ፤ የማያውቀው የለም፦

ማርፈድ ክልክል ነው።
መሮጥ ክልክል ነው።
ባሕር ዛፍ ላይ መውጣት ክልክል ነው።

እያለ እያለ ወርዶ፣ ስምንት ላይ መሳቅ፣
ዘጠኝ ላይ መማታት፤ ሁሉም ባንድ ቃል ሲጠበቅ።

የቀኙን ጥግ ክዳን ንፋስ ነቅሎት ኖሮ፣
ሦስት ክረምት ዘነበ በዚያው በኩል ዞሮ፤
አጠበና ሄደ፣ ከቀኝ ጀምሮ፣
«ክልክል ነው»ን ብቻ ከዘጠኙም ቆጥሮ።

እና ዘንድሮ ግድግዳው፣ ፀሐይ ሲወጣበት፣
በሰልፍ የቆመው ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያነብበት፦

ማርፈድ።
መሮጥ።
ባሕር ዛፍ ላይ መውጣት።

የአራተኛ «ለ» ሞኒተር ፋንታነሽ፣
ከላይ አስምራ ስትጽፍ «የዛሬ ረባሽ»፣
ከሥሩ አንድ ስም ነው፣ ሰኞም ማክሰኞም፦ ቢሻው፤
ኤክሱ ከፊደሉ በዝቶ ቦታ እስኪያንሰው።

ሐሙስ ለት ሳቀ። ማካፈል ሳስተምር፣ «ቀሪው ስንት ነው?» ስል፤
ሳቁ ከዴስክ ዴስክ ተጋባ፣ እንደ ጉንፋን ሳል።
«እጅህን ዘርጋ» አልኩት።
ውርጭ ያደነዘዘው አምስት ጣት፣ የጠዋት፣
በእንጨት ማስመሪያ ሁለቴ መታሁት።
አላለቀሰም። ጣቶቹን ብብቱ ሥር ከቶ፣
ቀሪው እንደጠፋው ስሌት፣ አየኝ ትክ ብሎ ቆይቶ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው አርብ ጠራው።
«ወላጅ አምጣ» ተባለ።
ሰኞ ይዞ መጣ፦
ከመነኻሪያው በር ልብስ የሚሰፋውን አቶ ገድሌን፣ «አጎቴ ነው» ብሎ።
አጎቱ እንዳልሆነ ሁላችን እናውቃለን፤
የእኔን ሱሪ ጭምር ያሳጠረው እሱ ነው።
ዝም አልን።

አቶ ገድሌ ቆቡን አውልቆ፣ ክሱን አዳምጦ፣
በመስኮት አሻግሮ ግድግዳውን አየ፣ ዓይኑን አፍጥጦ።
ጣቱን እየቀሰረ ቃል በቃል ለቀመ፦
«መሮጥ… መሳቅ… ታዲያ ይሄ ልጅ ምን አጠፋ? ትእዛዝ ነው የፈጸመ!»

ርዕሰ መምህራችን እልፍነሽ፣ ሳቋን በመሐረብ ይዛ፣
ለቃለ ጉባኤው አንድ ውሳኔ አስጻፈች፦ «ቀለም ይገዛ፤
የወረዳው ሱፐርቫይዘር ሳይመጣብን።»
«ጽሑፍህ ያምራል» ተብዬ ብሩሹ ለእኔ ደረሰ፤
ጣሳ መያዝ ሆነ ለቢሻው፤ ቅጣቱ በዚሁ ተጨረሰ።

ማርፈድ — ክልክል ነው።
መሮጥ — ክልክል ነው።
እጄ ላይ ንፋሱ፤ ቀለሙ እየቀጠነ፣
ሰባት ደረስኩና የጣሳው ግርጌ ታየ፣ ጭላጭ ሆነ።
«ሁለት ቀረ» አለ ቢሻው፣ ጣሳውን አዘንብሎ፤
«ላንዱም አይሞላ።» መሳቅ ተዘለለ፣ ይቆይ ተብሎ።

ብሩሼን ዘጠኝ ላይ ሳሳርፍ፣
«መምህር፣» አለ፣ ጣሳውን እያየ፣
«መማታት ማለት ሁለት ሆኖ ነው አይደል? እሱም ይመታል፣ እኔም እመታለሁ።
አንዱ ብቻ ሲመታስ? የዚያ ስሙ ማነው? መጽሐፉ ላይ ፈልጌ አጣሁ።»

ንፋሱ መለሰ፣ እኔ አልመለስኩም።

«ማ»ን በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ልስኑም ቀለሙም አብሮ ወደቀ፤
በቦታው «ም» ጻፍኩ። በአንድ ፊደል፣ ደንቡ ከልጆቹ አልፎ እኔ ጋ ዘለቀ።
ከዚያ «ክልክል» አልኩ፣ ብሩሹን ጨምቄ፣ ጣሳውን ቧጥጬ፤
ለ«ነው» የሚሆን ጠብታ አልነበረም፣ ደጋግሜ ባየው ገልብጬ።

ቢሻው ቀስ ብሎ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው፣ አነበበ፦
«መምታት… ክልክል…»
ዞር ብሎ አየኝ። ጣቶቹ እስከ አንጓቸው ሰማያዊ ሆነዋል።

«ነው?»