አሥራ አምስት ፍሬ ገብስ

ካርታዬን ዘረጋሁ፣ ከምድጃው አጠገብ፣
በአራት ድንች አስያዝኩት፣ ጠርዙ እንዳይሰበሰብ።
እርሳሴን ቀርጬ ሒሳብ ደረደርኩ፦
«አራት ሰው፣ ሦስት በቅሎ፣ ሁለት ድንኳን» አልኩ፤
«ላምባው ይህን ያህል፣ ይህን ያህል ዱቄት፣
ቅቤው፣ ጨው፣ ክብሪቱ፣ ለአሥራ አራት ሌሊት።»

ያንግዞም ዝም አለች።
ፊደል ባትቆጥርም መንገድ ቆጥራለች፤
ከከረጢቱ አፍ አንድ ጭብጥ ገብስ አወጣች፣
ከወረቀቴ ጎን፣ በባዶው ወለል ላይ፣
ለአንድ ሌሊት አንድ ፍሬ፦

«ይቺ ከወፍጮው ድልድይ፣ ከትልቁ ጥድ ሥር።
ይቺ የበጎች በረት፤ ጣሪያ የለውም፣ ግን ነፋስ ይመልሳል።
ይቺ ውሃ የላት፣ ከታች ቀድተን ነው።
ይቺ ድንጋይ ብቻ፤ ካስማ አይገባባት፣
ገመዱን ከቋጥኝ ነው የምናስር።»

ስምንተኛዋ ላይ እጇ ቀስ አለ።
ዘጠነኛዋን ራቅ አድርጋ፣ ለብቻ አኖረቻት፤
«በሩ» አለች። ሌላ ስም አልሰጠቻት።

አሥራ አራት ሲሞላ አንድ ጨመረች።
«ይህቺስ?»
«የተራራው ድርሻ፤ ሲዘጋብን ቁጭ ብለን የምንበላት» አለች።
እኔ ለተራራው አፍ አንዲት መስመር አልያዝኩም ነበር።

ይሄኔ ዶሮዋ ከደጅ ዘው አለች፣
ግራዋን አየች፣ ቀኟን አየች፣
ዘጠነኛዋን ጠቅ አድርጋ ለቀመች።

ሳቅሁ።
በቅሎ ነጂው ንጎዱፕ ወደ በሩ ዞረ፣
እጁ ላይ ያለውን ገመድ ይቋጥር ጀመረ።
ያንግዞም ጭብጥ ሙሉ ገብስ አላት፤ ልትተካ ትችላለች። አልተካችም።
«ከወረቀትህ ላይ ሌላ መንገድ ፈልግ፤
ያ ሌሊት ተበልቷል።»

ፈለግሁ። መስመሮቹ እንደ አውራ ጣት አሻራ ተጠማዘው
ወንዙን ዞሩ፤ ሦስት ቀን ይጨምራል።
ሦስት ቀን ዱቄት ነው፣
ዱቄት የበቅሎ ጀርባ ነው፣
በቅሎው ግን ያው ሦስት ነው።

«ያ ምንድነው?» አለች፣ ጓዜን በእግሯ ነካ አድርጋ።
«ታጣፊ ወንበር።»
«እዚያ ላይ የጠፋው መቀመጫ ነው እንዴ?»
ወንበሩ ቀረ። ሁለት መጻሕፍት ቀሩ።
የመላጫ ሳሙናዬም።

ሌሊት ውሃ ጠምቶኝ ተነሣሁ።
ዶሮዋ ከእንጨቱ ክምር ላይ፣ አንገቷን ክንፏ ውስጥ ቀብራ፣
ዘጠነኛው ሌሊታችንን፣ ከነድንኳኑ፣ ከነበረዶው፣
በሆዷ ይዛው ተኝታለች፤
አንዴም አልተንቀጠቀጠች።