አራት ሜትር ገመድ

ከዘንዘልማ ወዲያ፣ ሪባን ያልቆረጡለት፣
የሬንጅ ሽታው ያልበረደ አዲስ አስፋልት አለ፤
ተቋራጩ ሰውዬ «ቅዳሜና እሑድ ብቻ፣
የመንገድ ቀለሜን እንዳትነኩ!» ብሎ አስማለ።
ምለን ገባን።
በርሜል ለኩርባ፣ ኖራ ለመነሻ፣
ያረጀ ጎማ ከምረን መድረሻ አበጀን፤
ይህን ስናሰማምር ግማሹን ጠዋት ፈጀን።

የሩጫ የምትባል መኪና አንዲት ብቻ ናት፤
ትርንጎ ፋርማሲዋን ዘግታ ማታ ማታ የምታሻት፣
ካጎቷ ግቢ፣ ከዶሮ ቆጥ ሥር ጎትታ ያወጣቻት
ባለሁለት በር ቀይ አልፋ።
የቀረነው ባለን ነው፤ ነርሱ እንየው በዲኤክስ፣
በያጁ አንማው ማርሚታዋ በተቀደደ ፔጆ፣
እሷን ሲያስነሳ ቀበሌው አብሮ በሚነሳ።
ጋሽ ስንሻው፣ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ በጡረታ ያረፈ፣
በነጭ ቮልስ መጣ፤ «እንቁላሌ» ይላታል።
«ቀስ በቀስ በእግሯ ትሄዳለች» ብለን ስንስቅባት፣
በሦስተኛ ማርሽ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ በርሜሉን ታክኮ አለፈ።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ መኪናዬ የአባቴ ላዳ።
ምድር ትዞራለች እያልሁ ሳስተምር ኖሬ፣
መዞሯ የገባኝ ሦስተኛው በርሜል ላይ ነው፣ በወንበሬ።

ሰዓት ያዢዋ ውዴ ናት፣ የአንማው የሰባተኛ ክፍል ልጅ፤
በደብተሯ ትመዘግባለች፣ ላባቷ እንኳ አታዳላ፤
«አልፋ! አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ስምንት!»
እኔ ስደርስ ግን ሰዓቱን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ
ታራግፈዋለች፤
የቆመ ይመስላታል፣ ሌሎቹ ከገቡ በኋላ።

ማታ ሐይቁ ዳር፣ ቆሮሶ ላይ ሎሚ ጨምቀን፣
ግራሶ ባልለቀቀው ጣታችን እሾሁን እየለቀምን፣
ኩርባውን እንደገና ነዳነው፤
የዓሣው አከርካሪ መንገድ፣ የሚጥሚጣው ሳህን በርሜል ሆኖ።
የወር ቤንዚናችን በጀሪካን እንዳለቀ፣
ከእሑድ ቀጥሎ ሰኞ እንዳለ፣
ማንም አላነሳ፣ ማንም አልጠየቀ፤
ከጀርባችን ጣና፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣
ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል።

እሑድ፣ ሰባት ሰዓት ግድም፣ አራተኛ ዙሬ ላይ፣
ላዳዬ ነጭ እንፋሎት ተፋች።
እንየው ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጆሮውን ደቅኖ፣
እንደ በሽተኛ ደረት አዳምጦ ዝም አለና
«ጋርኔሲዮን ነው» አለኝ፤ «እግዜር ያጥናህ።»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ትንሽ ቆይቼ።

ትርንጎ አልሳቀችም።
ፍሪሲዮኗን እንደሚበላው እያወቀች፣
ከአልፋዋ ኋላ አራት ሜትር ገመድ አወጣች፣
«ፍሬንህን ብቻ ጠብቅ» ብላ ቋጠረች።

ሁለት ቀን ሙሉ ድምፅ ብቻ የሆነችብኝ አልፋ፣
ይኸው ከፊቴ አለች፤ አትፈጥን፣ አትጠፋ።
የግራ የኋላ መብራቷ ለካ
በፋርማሲ ፕላስተር ነው የተጣበቀው፤
እስከዚህ ቀርቦ የተከተላት የለም፣ ማን ሊያውቀው?

አባይ ድልድይ ላይ በሃያ ኪሎ ሜትር ስንጎተት፣
እንቁላሏ፣ ዲኤክሱ፣ ፔጆው መብራት አብርተው ከኋላ፣
ባጃጅ እንኳ እየቀደመን፣
ሙሽራ መስለናት አንዲት ሴት ከዳር እልል አለች።
እሷ ፍሬን ስትነካ እኔም እነካለሁ፤
ገመዱ ይላላል፣ ይወጠራል፣
ይላላል።

ከተማ ስንገባ ውዴ በፔጆው መስኮት ብቅ ብላ
ሰዓቷን አቆመች። በኋላ እንዳየሁት፣
ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ የእርሳሷን ጫፍ በምላሷ አርሳ፣
በመጨረሻው መስመር ላይ
«አልፋና ላዳ፣ እኩል» ብላ ጽፋለች።