የአሸዋው ድርሻ

ይህች ሃቫና ሌላ ናት፣ የኩባዋ አይደለች፤
ኢሊኖይ ወንዝ ዳር ባሕር ሳታይ ያረጀች።
የእኔ ሥራ እዚያ አፈር መውጋት ነው፤
በቱቦ ብረት ሆዱን ስቤ ላየው፣
በከረጢት አስሬ፣ ቁጥር ጽፌበት፣
ላቦራቶሪ ልኬ ሕመሙን ልጠይቅለት።

ኦርቪልና ዊልማ፣ አባት ሲሞትባቸው፣
ዳኛ አላስቸገሩም፣ ሳንቲም ፈረደላቸው፤
ለእሱ ጥቁር ዋልካ፣ ውኃ የሚቋጥር፣
በእጅ ሲጨብጡት እንደ ሊጥ የሚያድር፤
ለእሷ አሸዋ ወጣ፣ የነፋስ ክምር፣
ዝናብ ሲጥልበት ጠጥቶ የማይጠግብ፣
ጠዋት የሰጡትን ማታ የማያስብ።

ሁለቱም የዘሩት ያው አኩሪ አተር ነው፣
ከአንድ ነጋዴ፣ ከአንድ ጆንያ የመጣ፤
አጥሩ ብቻ ነበር ሁለት ያደረገው።

ኦርቪል እጀ ለጋስ፣ ማዳበሪያ ሲያፈስ
"መሬትና እንግዳ ጠግቦ ነው 'ሚወቀስ"
ይላል። ናይትሮጅን፣ ደግሞ ናይትሮጅን።
ሐምሌ ሲገባማ ማሳው ደን መሰለ፣
ቅጠል በቅጠል ላይ፣ ከወገብ የዋለ፤
መንገደኛው ሁሉ መኪናውን አቁሞ
"ይህ ነው እንጂ ሰብል!" ይል ነበር ቆሞ።

ዊልማ ግን ጠርታኛለች ገና በሰኔ።
የቅጠሏ ጠርዝ ቢጫ ለብሷል፣
እሳት የላሰው ወረቀት መስሏል።
ወጋሁት፤ ላክሁት፤ መልሱ ቶሎ መጣ፤
ፖታሹን ዝናቡ አጥቦት ነው የወጣ።
"ባንዴ አትስጪው" አልኋት፣ "አሸዋ ኪስ የለው"፤
እንደ ታማሚ ልጅ በማንኪያ አጎረሰችው።
ግንቦት ላይ ዘሩንም አሽታው ነበር
በጥቁር ዱቄት፣ ሕይወት ባለው አፈር፤
ዓይን የማያያቸው ደቂቅ ነፍሳት አሉት፣
ከአየር ቀለብ ጠልፈው ለሥር የሚያቀብሉት።

ነሐሴ ላይ ከወንዙ ማዶ ነፋስ ተነሣ።
የኦርቪል ደን ተኛ፣ ወገቡ ተሰበረ፤
ቅጠሉ ጠግቦ ቆባው ከሲታ ነበረ።
ያን ዕለት ማታ አጥሩን ሲሻገር አየሁት።
ከእህቱ ማሳ አንድ ተክል ነቀለ፤
ከሥሩ ላይ ቁንዶ በርበሬ የምታህል እባጭ
በጥፍሩ ሰነጠቀ፤
ውስጧ ቀይ ዳማ፣ እንደ ሕፃን ድድ።
ከራሱም ነቀለ። ሰነጠቀ፤ ነጭ።
ሌላም ሰነጠቀ፤
ነጭ።
"ቀለብ ከላይ ሲወርድ" አልሁት ጠጋ ብዬ፣
"ሥሩ ምን አደከመው?"
መልስ አልሰጠኝም። የእህቱን ሥር ግን
ጠቅልሎ በኪሱ ከትቶ ሄደ።

በጥቅምት ሲታጨድ፣ አልዋሽም፣ ዋልካው በለጠ፤
በኤከር ሃምሳ ሁለት ቡሼል ሰጠ፣
አሸዋው አርባ አንድ።
የማዳበሪያው ዕዳ ከተቀነሰ በኋላ ግን
እራት የጋበዘችው እሷ ናት።

በሚያዝያ ደወለ። ሰው ለምኖ አያውቅም፤
"ና፣ የእኔንም ውጋው" ብቻ ነው ያለኝ፤
ድምፁ ግን "አፈር ስሆን" ያለ መሰለኝ።
ብረቴን ይዤ ሄድሁ። ዊልማ ከአጥሩ ሥር
ዓይኗን ወደ ወንዙ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣
እንዳላየ ሰው ሆና፣ ጓንቷን አውልቃ፣
ከረጢቱን ያዘችልኝ።