እስከ

ከቱሉ ዲምቱ አልፎ፣ ከክፍያው መንገድ ወዲያ፣
የወረዳው አዳራሽ፣ ዝገት የነከሰው ጣሪያ፤
በሩን ገባ ሲሉ በቀኝ ሰሌዳ አለ፣
የገዥውን ስም ከነዘመኑ ተሸክሞ የዋለ።

የፊተኛውን መስመር አባቴ ነው የጻፈው፣
በበቅሎ ጭራ ብሩሽ፣ አንዲት ሰረዝ ሳያዛንፈው፦
«ባላምባራስ ይፍሩ። ከሠላሳ አራት እስከ አርባ ስምንት።»
አሥራ አራት ዓመት፣ በአንድ መዳፍ ስፋት።
ለሰው መሬት ሲያጥር ለእርሳቸው የሚረዝም ገመድ ነበራቸው፤
ይህ ግን አይጻፍም። ሰሌዳው ላይ ያለው ስማቸው።
ቀጥሎ ፊታውራሪ ሰንበቶ፣ አሥራ ስምንት ዓመት፣
የተሻሩበትም የሞቱበትም አንድ ክረምት።

ከዚያ አብዮት መጣ። ልጅ ነበርሁ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ፣
ቢላውን እኔ ያዝሁ፤ አልችል ብሎ ነው አባቴ።
«ማዕረጉን ፋቀው» አሉ፤ «ባላምባራስ»ን ፋቅሁ፣
«ፊታውራሪ»ን ፋቅሁ፤ የጽዱን ሽታ ያኔ ነው ያወቅሁ።
ይፍሩ፣ ሰንበቶ ቀሩ፤ ባዶ ስም፣
እንደ ክፍል መዝገብ፤ አቤት የሚል ግን የለም።

ጓድ ዳምጠው ገቡ። «‹እስከ› የምትለዋን ተዋት፣
አብዮት ‹እስከ› የለውም» አሉኝ። ተውኋት።
አሥራ ሦስት ዓመት ባዶው ቦታ ተቀመጠ፣
ከቀኑ ቀጥሎ፣ አፉን እንደ ከፈተ፣ እንዳፈጠጠ።
በሰማንያ ሦስት፣ ግንቦት፣ መኪናቸው ሌሊት ወጣ መብራቱን አጥፍቶ፤
ጠዋት ሄጄ ሞላሁት። ቀለሙ አልገጠመም፣ አዲሱ ጎልቶ፤
ዛሬም ያቺ «እስከ» ከእህቶቿ ትጠቁራለች፣
ዘግይታ የመጣች ለቀስተኛ ትመስላለች።

«ጓድ»ንም ፋቅሁ። ያው ቢላ፣ ያው እጅ።
በግራ በኩል ጽዱ ሳስቷል። ምስጥ የበላው ይመስላቸዋል፤
ማዕረግ ነው የበላው።

«ከ»ን ስጽፍ ሹሙ ከጀርባዬ ይቆማል፣ ፎቶም ይነሳል፤
«እስከ»ን ስጽፍ ብቻዬን ነኝ፤ ጥበቃው እንኳ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል።

ኋላ ፈጠኑ። አቶ ለሜሳ፣ አቶ ጉተማ፣
ሦስት ዓመት፣ ሁለት፣ አንድ ተኩል፤ ግምገማ፣ ደግሞ ግምገማ።
አቶ ሽፈራ አሥራ አንድ ቀን። ቀለሙ ሳይደርቅ ሄዱ፤
«ከ»ና «እስከ» በአንድ ደረሰኝ፣ በአንድ ሂሳብ ተወራረዱ።

ከእርሳቸው ቀጥሎ ወይዘሮ ድንቄ ነበሩ፣ የመዝገብ ቤት ሹም።
ሰው እስኪሾም፣ ሰባት ወር። ተጠባባቂ ደግሞ አይጻፍም።
የቆዳውን ወንበር ትተው፣ ከቤት ዱካ አምጥተው፣
የውሃ ልማትን ደጅ ጠንተው፣ ፊርማ በፊርማ ለቅመው፣
ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያቺን ቦኖ አስከፈቱ።
ዛሬም ጀሪካን ይሰለፋል፤
ማን እንዳመጣት ሳይጠይቅ ሁሉም ቀድቶ ይገባል በየቤቱ።

አዲሱ አስተዳዳሪ ሲመጡ ተጠራሁ።
ጠመኔ የተቀባ ክር ወጥሬ መስመር አሰመርሁ፤
ከሽፈራ በታች ግን አንድ ጣት ታህል ዘለልሁ።
ዝም ብዬ ዘለልሁ።

እንግዳ ሲመጣ፣ «እዚህ ጋ ለምን ሰፋ?» ይላል፤
ጸሐፊው፦ «ሽማግሌው ናቸው። እጃቸው ይስታል።»
ልክ ነው እላለሁ። እድሜ ነው። ዓይንም ደክሟል።

ከዚያ ጀሪካኔን አነሳለሁ።
ቦኖዋ ስድስት ሰዓት ላይ ትዘጋለች።