እጅ ከፍንጅ

በርገን ላይ ዝናብ ነው፤ ትናንትም ዝናብ ነበር፤
ሽማግሌው ገባ፣ ጃንጥላውን አስደግፎ በበር።
ቶርላይቭ ይባላል። አርባ ዓመት በጀልባ፣
ትኬት ሲቆርጥ ኖሯል፣ ሰው ሲወጣ ሲገባ።
የፊዮርዱን መንደር ሁሉ በመልክ የሚለይ፣
አያትን የሚያነብ በሕፃን አፍንጫ ላይ።

አምና በኅዳር ግን፣ ከቀኝ ጆሮው ኋላ፣
ደም ፈሰሰ፤ ጣት የማታህል ቦታ ሞላ።
ሐኪም ቤት ሲነቃ፣ ነርሷ ደግፋ ስታነሳው፣
ፊት የሚያውቀው ፊት ሁሉ ፊት ነሳው።
ዓይን ያያል፣ አፍንጫ ያያል፣
አፍም ከነከንፈሩ አለበት፤
ሰውየው ግን የለበት።

ሚስቱን የሚያውቃት በቢጫ ሻርፕዋ ነው፤
እሱን ካወለቀች፣ «እመቤቴ፣ ማንን ነው?»

በሁለት ጣቶቹ ላይ ሽቦ አሰርኩለት፤
«ላብ ነው የሚለካው፣ አያምም» አልኩት።
ፎቶ አሳየሁት፣ አንድ ባንድ፣ በሰሌዳ፣
የጎረቤት፣ የዘመድ፣ የባዳ።
«አላውቀውም።» «አላውቃትም።» «ይቅርታ፣ ይሄንንም።»
ትሕትናው ያሳዝናል፤ ሰው ባይለይም ሰው አያስቀይምም።

አሥራ አራተኛው ላይ ሱኒቫ ወጣች፤
ሻርፕ የሌላት፣ ፀጉሯ በነፋስ፣ ለካሜራው ያልሳቀች።
«አላውቃትም» አለ። ድምፁ አልተለወጠ፤
መርፌው ግን ዘለለ፣ ከመስመር አፈነገጠ።
አፉ እየካደ መዳፉ መሰከረ፤
እጅ ከፍንጅ ተያዘ፣ የራሱን ቤት የሰበረ።

ልብ ሳይል ልቡ አወቀ።

ከዓይን ወደ ውስጥ የሚወስደው መንገድ ሁለት ነው መሰለኝ።
አንዱ በፊት በር ነው፤ ዘበኛው ስም ይጠይቃል፤
ሌላው በጓሮ ነው፤ በሩን የሚከፍተው፣
ማን እንደመጣ በኮቴ ያውቃል።
የቶርላይቭ የፊት በር ተደፍኗል፣ እውነት ነው፤
ጓሮው ግን እስከ ዛሬ ገርበብ እንዳለ ነው።

እኔም ብሆን አንድ ቀን፣ ባቡር ውስጥ ቦታ ቀየርኩ፤
ሁለት ጣቢያ ካለፈ ነው፣ ለምን ብዬ የጠየቅኩ።
ማዶ የተቀመጠው፣ ጋዜጣ የሚያነበው፣
የእንጀራ አባቴ ቅንድብ ነበረው።
እሱ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ።
ቅንድቡን ያየሁት ከተነሳሁ በኋላ ነው፤
እግሬ ግን ከእኔ ቀድሞ አይቶታል።
ሆድ ያውቃል።

ሱኒቫ ከመስታወቱ ማዶ ወረቀቱን ጠየቀችኝ፤
«ይህ ተራራ እኔ ነኝ?» አለችኝ።
«እርስዎ ነዎት።» ጫፉን በጥፍሯ ነካች፤
ደስ ይላታል ስል፣ ተቆጣች።
«ታዲያ እጁ ካወቀኝ፣ ለሱ ለምን አይነግረውም?»
አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሠርቻለሁ፤
መልስ አልነበረኝም።

ከክፍሉ ወጥታ ሻርፕዋን ፈታች፤
ኪሷ ከተተች፤ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች።
ቆቡን አነሳላት፤ «እንዴት ዋሉ» አለ፤
«ውጭውስ እንዴት ነው? ዝናቡ አባራ፣ ወይስ አለ?»
ከዚያ ተነሳና፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቀው፣
ከግራዋ ወደ ቀኟ ዞሮ ተቀመጠ፤
የሚሰማት ጆሮ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ፣ የቀኙ ብቻ ነው።
ማንም አልነገረውም።

እሷም ሻርፑን ከኪሷ አላወጣችም፤
ስለ ዝናብ አወሩ። አውቶቡሱ አመለጣቸው።
አልተቻኮሉም።